ትንፍሽ እንዳትል!

እኔ የሰው ወሬ አልወድም፤ ግድግዳችን ስስ ሆኖ እንጂ። የሓድነት ሰፈር ጎረቤቴ አያ ሐጎስ ያገባት የወሎ ልጅ ናትና ቤታቸው የሚወራው በአማርኛ ነው። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ሚስቱ የሺ፣ «ትንፍሽ እንዳትል!» ስትለው እሰማለሁ። ከዚያ ጸጥ። ዋይ አነ! እንዲህ የሚደበቅ ምን ቢኖር ነው?

አልቻልኩም፤ ወንፊት ልዋስ ብዬ ዘው አልኩ። አያ ሐጎስ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጧል። እሷ እጇን ሆዱ ላይ ጭናለች።

«አፍነሽ ልትገድዪው ነው?» ብዬ ጮህኩ።

ሳቁ አመለጠውና ትንፋሹ ተለቀቀ።

«አበላሸሽብን እትዬ ለተብርሃን!» አለች የሺ። «ጉበቱ ላይ ካንሰር ወጥቶበት አዲስ አበባ ሄዶ በጨረር ሊታከም ነው። ጨረሩ እብጠቷን ብቻ ለይቶ ይመታል አሉን። ሲተነፍስ ግን ጉበቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ደህናው እንዳይነካ ትንፋሹን መያዝ አለበት። እሱን ነው የማለማምደው!»

ክው አልኩ። «አይዞህ አያ ሐጎስ! በእመቤቴ፣ ለማንም ትንፍሽ አልልም።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«እኔ ሃያ እስኪቆጠር እችላለሁ» አለ። «አንቺስ እስከ ግቢው በር ትችያለሽ?»