የአርባ አምስት ደቂቃ ምርቃት

በበርማ አገር፣ በሞኒዋ ከተማ ገበያ የተብላላ ዓሣ የምትሸጠው ዶ ኦን ሽዌ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ከገዢ ጋር ሳትከራከር የዋለችበት ቀን ካለ ታማ ነው። የሰፈሩ የተመስጦ ማኅበር ውስጥ የገባች ሰሞን ጎረቤቷ ቲን ሌ፣ “ዓሣሽ እንኳ ዝም ብሏል፤ አንቺ ዝም የምትዪው ስትሞቺ ነው” ብላ ስቃባታለች።

ይኸው ስድስት ዓመቷ። ከቀትር በኋላ እስከ ንጋት እህል በማይቀመስበት በጾሙ ቀን ሁሉ ቡናማ ሽርጧን ታጥቃ አዳራሹ ውስጥ ትቀመጣለች። ስትተነፍስ ሆዷ ሲነሣ “ተነሣ”፣ ሲወርድ “ወረደ”፣ ሐሳቧ ገበያ ሲሄድ “ሄደ” ትላለች በልቧ። እንደሚገባው አድርጋ እንደምትሠራው ታውቃለች፤ ማንም እንዲነግራት አትጠብቅም።

የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ የማኅበሩ መነኩሴ በዓመት አንዴ የሚመሩት የአሥር ቀን ዝምታ። ደወሉንና የስም ዝርዝሩን የያዙት ጡረተኛው መምህር ኡ ካን ቴን ናቸው፤ ሕጋቸውም የታወቀ ነው። ለአንድ ሰዓት ጣት ላለማንቀሳቀስ ምሎ ሦስት ጊዜ ያልፈጸመ አይመዘገብም። እሷ ሁለቱን ጨርሳለች። ሦስተኛው ዛሬ ነው፤ ዝርዝሩ ስለሚዘጋ የመጨረሻው ዕድሏ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ማሉና ተቀመጡ። ጉልበቷ ነደደ፤ “ነደደ፣ ነደደ” እያለች ተመለከተችው፤ ቆይቶ በረደ። አምስት ሰዓት ላይ ደወል ተመትቶ ምሳ መቅረብ ነበረበት። ምንም የለም። ከዚያ ከወንዙ በኩል ጀልባው ጮኸ። ዓሣዋን ሃያ ዓመት የጫነችበት ጀልባ ነው፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሳይሆን አይጮኽም። ሌሎቹም ሰምተውታል፤ ግን እያንዳንዱ ትዕግሥት ያነሰው እሱ ብቻ እየመሰለው ራሱን ይገሥጻል።

ከጎኗ ያሉት አሮጊት ስኳር አለባቸው። ትንፋሻቸው ማጠር ጀምሯል፤ ስድስት ካለፈ ደግሞ ምሳ የለም። ዓይኗን ገለጠች። ኡ ካን ቴን ወገባቸው ቀጥ እንዳለ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ሳይደወል ብትነሣ ስሟ ይቀራል። ተናደደች። “ተናደድኩ” አለች በልቧ፤ ተነሥታም ደወሉን መታችው።

አሮጊቷ ቀድመው ጎረሱ። ሁሉም ከበላ በኋላ ወደ መምህሩ ሄደች።

“መምህር፣ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ስሜን ይተዉት።”

“ስንት ሰዓት ነበር?”

“ለስድስት ሩብ ጉዳይ።”

“ለስንት ሰዓት ነው የማልሽው?”

“ለአንድ።”

“እንግዲያው ሞልቷል፤ የአርባ አምስት ደቂቃ ምርቃትም ጨምረሻል” አሉና ስሟን ጻፉ። ከዚያ ብዕራቸውን ሳያነሡ ወደ ዝርዝሩ ራስ ሄደው፣ ሠላሳ ዓመት ሳይጎድል የቆየውን የራሳቸውን ስም ሰረዙ። “የተኛሁትስ እኔ ነኝ” አሉ።

ዶ ኦን ሽዌ ተሟገተች፤ ለመነች፤ በገበያ የምታውቀውን ብልሃት ሁሉ ሞከረች። በክርክር ስትሸነፍ የመጀመሪያዋ ነበር፤ አሳዘኗትም።

አሥሩን ቀን እሷ ውስጥ ተቀመጠች። እሳቸው ደጅ ሆነው ደወሉን ጠበቁ፤ መዶሻውን እንደያዙ፣ ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስ፣ ቆመው።