ወህኒ ቤቱ የሠርግ አዳራሽ ሊሆን ነው

ዓርብ፣ ንጋት 11:30፣ አዲስ አበባ

ሚኒባሱ ሳይነጋ ተንቀሳቀሰ። ወደ ነቀምቴ የምሄደው ስልክ ተደውሎልኝ ነው። የደወለችው ጫልቱ የምትባል መሐንዲስ ናት፤ የከተማውን የድሮ ወህኒ ቤት አድሰው የሠርግ አዳራሽ የሚያደርጉትን ሠራተኞች ትመራለች። ቁጥሬን ያገኘችው ከድሮ ጎረቤቶቻችን ነው።

"ኖራውን ስንፍቅ ከሥሩ የእስረኞች ጽሑፍ ወጣ። ሰኞ ይለሰናል። የታሰረ ዘመድ ያለው ሁሉ መጥቶ ይየው ብለን ነው" አለችኝ።

አባቴ እዚያ ነበር። ከሸዋ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አሰሩት። ከእናቴ ጋር በየቀኑ ምሳ እናመላልስ ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ ዘበኛው ሳህኑን ሳይቀበለን "ተዛውሯል" አለ። ወዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ወረቀቱን ሁሉ በፍተሻ ስለወሰዱት የእጅ ጽሑፉ እንኳ አልቀረልንም።

ረፋድ 4:00፣ ባኮ

ከጌዶ ብርድ ወርደን ሙቀት ውስጥ ገባን። በመንገዱ ዳር ማንጎ በሳፋ ተደርድሯል፤ ሴቶቹ "ኮቱ፣ ኮቱ!" እያሉ ኑ ግዙ ብለው ይጣራሉ። ሾፌራችን ዞር ብሎ፣

"እህቴ፣ ዘመድ ጥየቃ ነው?" አለኝ።

"አባቴን ልጠይቅ ነው።"

ከአፌ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም።

"ታዲያ አባት ባዶ እጅ ይጠየቃል?" ብሎ አንድ ፌስታል ማንጎ ገዝቶ ጭኔ ላይ አኖረልኝ። እውነቱን ልነግረው አልቻልኩም። ጉቴን አልፈን ከተማዋ እስክትታይ ድረስ ፌስታሉን አቅፌ ተጓዝኩ።

ከቀትር በኋላ 7:30፣ ነቀምቴ

ባጃጁ በር ላይ አወረደኝ። የድንጋዩ ግንብ ያው ነው፤ ቆርቆሮው አዲስ ነው። ግቢው አሸዋ በአሸዋ ሆኗል። ጫልቱ በጭቃ ቦቲዋ ወጥታ ተቀበለችኝና ወደ አንድ ጠባብ ክፍል አስገባችኝ። የሙሽራ መልበሻ የሚሆነው ይሄ ነው።

ግድግዳው በሙሉ ስም ነው። በምስማር የተጫረ አለ፤ በከሰል የተጻፈም አለ። በስልኬ መብራት ከጥግ እስከ ጥግ ፈለግሁ፤ ተንበርክኬም ፈለግሁ። የአባቴ ስም የለም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ኢንተላ በርሲሳ!" አለ አንድ ድምፅ ከበሩ። "የአስተማሪው ልጅ!"

ኦቦ ቶላሳ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር የታሰሩ ሽማግሌ። ጫልቱ ለሳቸውም ደውላ ነበር። ግንባሬን ሳሙኝ።

"ስሙን አትፈልጊ ልጄ፣ አልጻፈም" አሉ። በከዘራቸው ከመስኮቱ ሥር ያለውን አሳዩኝ፤ ሀ ሁ ሂ፣ ከዚያ አንዲት ጠማማ ቶ። "ይቺ የኔ ናት። ማንበብ ያስተማረን እሱ ነው። ከምድጃ ከሰል እየለመነ ያጽፈናል። 'አንተስ?' ስንለው፣ 'ግድግዳው ጠባብ ነው፣ እናንተ ጻፉ' ይለናል።"

ለዓመታት የምጠይቀው ሰው ያጣሁለትን ጠየቅኋቸው።

"ድምፁ እንዴት ነበር? እኔ ረስቼዋለሁ።"

ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "ቀስ ያለ ነበር። ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልግሻል።"

ፌስታሉን እጃቸው ላይ አኖርኩት። ሌላ የምሰጣቸው አልነበረኝም።

ጫልቱ ጽሑፉን በጣቷ አሳየች። "እዚህ ላይ ነበር የሙሽራዋን መስታወት ልንሰቅል ያሰብነው" አለችና ስልኳን ይዛ ወጣች። ከአዳራሹ ባለቤት ጋር በኦሮምኛ ስትከራከር ይሰማናል። መጀመሪያ ለመነችው፤ ኋላ ላይ ተቆጣች። ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል።

"መስታወቱ በበሩ ወገን ይሁን ብሏል። ይሄኛው ግድግዳ አይለሰንም።"

እሑድ፣ 9:00፣ አዲስ አበባ

እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ትጠብቀኛለች። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ "አገኘሽው?" አለችኝ።

"ስሙን አልጻፈም እማዬ። ቦታውን ለሌሎቹ ሰጥቷል።"

"ለራሱ መች ተርፎት ያውቃል" አለች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

"አዳራሹ መቼ ነው የሚከፈተው?"

"ለጥር ሠርግ ይደርሳል አሉ።"

"እንግዲያው ውሰጂኝ" አለች። "ከዚያ በር እልልታ ሲወጣ ልስማ።"