ጥላ የለሹን ወንዙን ያሻገረው ማን ነው

ባለፈው ማክሰኞ እስክሪብቶዬ ቦርሳዬ ውስጥ ፈሰሰ። ጣቶቼ ሰማያዊ ሆኑ፤ ያ ዘይት ዘይት የሚል የቀለም ሽታ ደግሞ ታጥቤም አልለቀቀኝም። አንቺ ወረቀት ይዘሽ መጥተሽ «ምን ሆኑ? ፈዘዙ እኮ» አልሽኝ። ምንም አልሆንኩም ብዬሽ ወደ ሥራችን ተመለስን። ከዚያ በፊት ስለ ጋዜጣችን የስህተት ማረሚያ ስናወራ «ያልሆነ ነገር ጽፈው ያውቃሉ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ፣ ለጋዜጣ ያልሆነ ነገር ጽፌ አላውቅም ብዬሽ ነበር። መልሱ እውነት ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ሙሉውን ልንገርሽ። ያየሁትን ከሰማሁት እለይልሻለሁ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ቤታችን ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ። እናቴ የፈተለችውን ጥጥ ነጠላ እንዲሠራላት ለሸማኔው ልጅ ሰጥታው ነበር። የሸማኔው ልጅ እላለሁ እንጂ ሸማኔው ራሱ እሱ ነበር፤ አባቱ ሲሞቱ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ እሳቸው ቦታ ተቀመጠ። ከእኔ በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ቤቱ ውስጥ እሱና እናቱ ብቻ ነበሩ። ነጠላው ደርሶ እንደሆነ እንድጠይቅ እናቴ በየሳምንቱ ትልከኛለች፤ እሱም በየሳምንቱ «ለቅዳሜ» ይለኛል።

ቤቱ ዝቅ ያለ፣ ጨለም ያለ ነበር። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው፤ እሱም መወርወሪያው ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ልጁ እግሮቹን ከሸማኔ ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ስለሚቀመጥ ከወገቡ በላይ ብቻ ይታያል። እናቱ ደጃፉ ላይ ይፈትላሉ። አዲስ ጥጥ ፀሐይ ሲያገኘው የሚሸተውን ሽታ ታውቂው እንደሆነ አላውቅም፤ ያ ቤት እሱን እሱን ይሸት ነበር። አንድ ቀን ስሄድ የመወርወሪያው ድምፅ የለም። ልጁ ጉልበቱ ላይ ደብተር ዘርግቶ ይጽፋል።

«የእናቴ ነጠላ ይሄ ነው?» አልኩት።

«ሂሳብ እየሠራሁ ነው።»

«ሂሳብ ፈረስ አለው እንዴ?» ገጹ ጥግ ላይ ፈረስ ሥሎ ነበር።

ከጉድጓዱ ሆኖ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «ለአንድ ቀን ውሰጂው። ለማንም እንዳታሳዪ» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ለባለሱቁ ልጅ አሳየኋት።

የባለሱቁ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ነበረች። የወሎ ሰዎች ናቸው፤ አባቷ ከአዲሱ ገበያ መንገድ ዳር ሱቅ ነበራቸው። ያኔ የፍቅር መጽሐፍ በቀን ኪራይ ይገኝ ነበር፤ ግን ወይ መጀመሪያው ወይ መጨረሻው የተገነጠለ ነው። የቀበሌው ንባብ ቤት መጻሕፍት ደግሞ ስለ ትግል ናቸው። በሸማኔው ልጅ ደብተር ውስጥ ያለው ሁለቱንም አይመስልም። ከእንጦጦ የሚወርደውን ጭጋግ እንደ ጥጥ የምትፈትል ልጅ አለች። ከጭጋጉ የተሠራውን ነጠላ የለበሰ ሰው ለጠላት አይታይም። ሁለት ሰዎች ይወዷታል። አንዱ የንጉሡ ፈረሰኛ ነው። ሌላው የታመመ ወንድሙን ለማዳን ጥላውን ለጠንቋይ የሸጠ፣ ሰው እንዳያይበት ፀሐይ ላይ የማይወጣ ስደተኛ ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የክፍላችን ሴቶች ሁሉ አነበቡት። ደብተሩ በሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ተሸፍኖ ከዴስክ ዴስክ ይዞራል። ክፍሉም ለሁለት ተከፈለ፤ የፈረሰኛው ወገንና የጥላ የለሹ ወገን።

የባለሱቁ ልጅ የፈረሰኛው ወገን መሪ ነበረች። «ጥላ የሌለው ባል ይዘሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ትለኛለች። «ገበያ አይወጣ፣ እርሻ አይወርድ! ቀኑን ሙሉ ቤት አስቀምጠሽ ልትቀልቢው?»

«ያንቺ ፈረሰኛ ከፈረሱ ሌላ መቼ ያያል?»

«ይሁና! ቢያንስ ፈረስ አለው!»

ቀጣዩ ክፍል መቼ እንደሚወጣ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ስሄድ ልጁ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ማን እየመራ ነው?» ብሎ ነው። ፈረሰኛው ስለው ቅር ይለዋል። ስለ ራሴም መሸፋፈን አያስፈልገኝም፤ ጥላ የለሹን የወደድኩት በደብተሩ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም።

በዚያ ክረምት የብሔራዊ ውትድርና ስም ዝርዝር ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። የእሱም ስም ነበረበት። ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው አራተኛውን ደብተር ሰጠኝ። ጥላ የለሹ ከፈረሰኛው ሸሽቶ ወንዝ ዳር ይደርሳል፤ ልጅቱ ጭጋጓን ይዛ ማዶ ቆማለች፤ ወንዙ ሞልቷል። እዚያ ላይ ያልቃል።

«እዚህ ላይ ይቆማል እንዴ?» አልኩት።

«ከሥልጠናው እልካለሁ። እስከዚያ አረጋጊያቸው።»

ከማሠልጠኛው ለእናቱ አንድ ደብዳቤ መጣ። ግርጌው ላይ ለእኔ አንድ መስመር ነበረበት፦ ወረቀት አግኝቻለሁ፣ የሚቀጥለው ይመጣል። ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

ገና አለፈ፤ ሁዳዴ ገባ። ሌሎቹ ልጆች መጠየቅ ተዉ፤ የባለሱቁ ልጅ ግን አልተወችም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ዓይኗ አብጦ መጣች። ወሎ ለሚኖር ለአባቷ ዘመድ ልጅ ሊድሯት ነው፤ ትምህርቷን እዚያው ታቆማለች። ስለ ሰውየው ጠየቅኋት።

«አይቼው አላውቅም» አለች። ከዚያ ዴስኩ ላይ ተደፍታ፣ «መጨረሻውን ሳላውቅ ልሄድ ነው?» አለችኝ።

ስለ ደብተሩ ነበር የምትናገረው። እንደዚያ ነው የገባኝ።

ከሰዓት ሰማያዊ እስክሪብቶና ደብተር ገዛሁ። የእሱ ፊደሎች ወደ ግራ ያዘነብላሉ፤ ሁለት ቀን ተለማመድኩ። ጣቶቼ ሰማያዊ ሆነው ሰነበቱ። ጥላ የለሹን ወንዙ ውስጥ አስገባሁት፤ ልጅቱ ጭጋጓን ድልድይ አድርጋ ዘረጋችለት፤ ተሻገረ። ነጠላውን አለበሰችው፤ ፀሐይ ወጣች፤ ከእግሩ ሥር ጥላ ታየ። የሸማኔው ልጅ አንድ ክፍል በጨረሰ ቁጥር ራስጌው ላይ ቀን ይጽፍ ነበር። እኔም ጻፍኩ። ከፋሲካ በኋላ ያለውን ሳምንት።

«በሰው እጅ ላከው» ብዬ ሰጠኋት። የባለሱቁ ልጅ በእረፍት ሰዓት ለሁሉም ጮክ ብላ አነበበችው። ሲያልቅ እሷ ደብተሩን ዘግታ «እሺ፣ ተሸነፍኩ። ያንቺው ያግባት» አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። እኔም ደስ አለኝ።

ያላሰብኩት ነገር ከሦስት ቀን በኋላ መጣ። የባለሱቁ ልጅ ለሠርጓ ነጠላ ልትገዛ ሽሮ ሜዳ ወጥታ በሸማኔው ልጅ ቤት በኩል ስታልፍ፣ ደጃፉ ላይ እናቱን አየች። «እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ልጅዎ ጽፎ ላከ እኮ!» አለቻቸው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ምንም ክፋት አልነበራትም።

በዚያው ምሽት እናቱ ቤታችን መጡ። እጆቼን ይዘው ሳሙኝ። ደብተሩን አምጪ አሉኝ። መሠረተ ትምህርት ተምረው ነበርና ፊደል ይለያሉ፤ ቶሎ ቶሎ ግን አይሄድላቸውም። ጽሑፉን ተዉት፤ ጣታቸውን ራስጌው ላይ ያለው ቀን ላይ አድርገው ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡ። «ከፋሲካ በኋላ» አሉ። «ከፋሲካ በኋላ ደህና ነበር።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እናቴ ውሃ ልታመጣ ተነሳች፤ እኔ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ያ ምክንያት አይደለም፤ የሆነውን ነው የምነግርሽ። ደብተሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውነታቸው ተለወጠ። ጥጥ ገዙ፤ ሲመለስ የሚለብሰውን ጋቢ መፍተል ጀመሩ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ሌላ አልመጣም?» ይሉኛል። ገና ነው እላለሁ።

በሰኔ መጨረሻ፣ አብሮት የዘመተ አንድ ልጅ ቆስሎ መጣ። የሸማኔው ልጅ ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ አለ፤ ሁዳዴ ሳይፈታ፣ ከፋሲካ በፊት። የቆሰለው ልጅ ይህን ለእድሩ ዳኛ ሲናገር አልነበርኩም። መርዶው ንጋት ላይ ሲነገር ግን ተጠርቼ እዚያው ነበርኩ።

ገና አልነጋም፤ ዝናቡ ያካፋ ነበር። ቤታችን በር ተንኳኳ፤ እናቱ ይፈልጉሻል ተባልኩ። ስደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥግ ጥግ ይዘው ቆመዋል፤ የሚያለቅስ ግን የለም። ሽማግሌዎቹ ቤት ውስጥ ናቸው። እናቱ መካከል ላይ ቆመው ደብተሩን ይዘዋል። ፈገግ ብለው ነበር።

«እሰይ መጣሽ! ንገሪያቸው» አሉኝ። «የሰው መርዶ ነው ተሳስተው ያመጡብኝ። ከፋሲካ በፊት ነው ይላሉ። ልጄ ከፋሲካ በኋላ ጽፏል። ቀኑን አንብቢላቸው።»

ደብተሩን ሰጡኝ። የእድሩ ዳኛ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህን ከማን እጅ ተቀበልሽው?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በኋላ በሥራዬ ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁ አልቆጠርኩም። አንቺንም ስንቴ ጠይቄሻለሁ። እንደዚያ ቀን የከበደኝ የለም። ከእሱ ነው ብል ሽማግሌዎቹ ይመለሱ ነበር። እሳቸውም ጋቢውን ይጨርሱ ነበር፤ ከዚያም ይጠብቁ ነበር፤ እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ልጃቸውም ሳይለቀስለት፣ ፍትሐት ሳይደረግለት ይቀር ነበር።

«ከማንም አልተቀበልኩም» አልኩ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ቀኑንስ?» አሉኝ እናቱ።

«ቀኑንም፣ እማማ።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። መጀመሪያ ዓይናቸው ነው የተለወጠው። ደብተሩን ከእጄ አልተቀበሉኝም። «ትንሽ ብታቆዪኝ ምን ነበረበት» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከዚያ ነው ደጅ ያሉት ሴቶች የጮኹት።

እናቴ አልመታችኝም። ሰፈሩም አልነቀፈኝም፤ ልጅ ናት ተባለ። የባለሱቁ ልጅ ከዚያ በፊት ሄዳ ነበር፤ ይህን ትስማ አትስማ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደብተሬን ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። በሸማኔው ልጅ ቤት በኩል ላለማለፍ ብዬ ወደ ገበያ ስላክ በታችኛው መንገድ እዞር ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ እናቱ አስጠሩኝ። ሄድኩ። ደጃፉ ላይ በለቅሶ ልብሳቸው ተቀምጠው ይፈትላሉ። ስድብ ነበር የጠበቅሁት።

«የሱ ደብተሮች አሉሽ?» አሉኝ።

«አራቱም አሉኝ።»

«አምጪና አንብቢልኝ። ምን እንደሚጽፍ ጠይቄው አላውቅም። ሥራ ትፈታለህ ብዬ እቆጣው ነበር።»

በየቀኑ ከሰዓት እየሄድኩ አነብ ነበር። እሳቸው እንዝርታቸውን እያሾሩ ይሰማሉ፤ አንዳንዴ ያቋርጡኛል። «ጭጋግ እንዲህ አይፈተልም፣ ይበጠሳል» ይላሉ። ጥላ የለሹ ስለ ወንድሙ ብሎ ጥላውን የሸጠበት ቦታ ስንደርስ እንዝርቱን አቆሙ። «ይህን ከእኔ ነው የወሰደው። ወንድሙ በሕፃንነቱ ታሞ ሲሞት ነግሬው ነበር፤ ጥላዬንም ቢሆን ሰጥቼ አድነው ነበር ብዬ» አሉኝ። ወንድም እንደነበረው ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

በስምንተኛው ቀን አራተኛው ደብተር አለቀ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ጭቃው ላይ የከሰዓት ፀሐይ ወድቋል። ጥላ የለሹ ወንዝ ዳር ቆሟል፤ ልጅቱ ማዶ ናት፤ ውሃው ሞልቷል። ደብተሩን ዘጋሁ።

«አለቀ?» አሉኝ።

«የሱ እዚህ ላይ ነው የሚያበቃው።»

«ከዚህ በኋላ ያለው ያንቺ ነበር።»

«አዎ፣ እማማ። ቀድጄዋለሁ። ከፈለጉ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

 ከጥጡ ቆንጥረው ክሩን ቀጠሉ፤ እንዝርቱ መሾር ጀመረ።

«ተዪው» አሉኝ። «እዚያው ይቁም። ውሃው ሙሉ ነው።»