ካባው ሳያልቅ የቀረበት ምክንያት

በቤተ መንግሥቱ ስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጩን ሰው ሁሉ «መቀሱ» ነው የሚለው። በሥራው ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ምላሱም ያገኘችውን ሳትቆርጥ አትመለስም ነበር። የቤተ መንግሥት ሰዎች የሚለብሱት ሁሉ መጀመሪያ በእሱ ጠመኔ ተሠምሮ፣ በእሱ እጅ ተቆርጦ ነው የሚወጣው። ሚስቱ ደግሞ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የወርቅ ጥልፍ ትጠልፋለች። ከጠረጴዛው ቀና ባለ ቁጥር ያያታል፤ ማን እንደሚያያትም ያያል። ቅናት ከእናቱ ጡት የጠባው ነገር ነበር።

በስፌት ቤቱ አንድ ልማድ አለ። ሥራው በእጅ ስለሆነ ጸጥታው ለሐሜት ይመቻል፤ ስለዚህ ከሠራተኞቹ አንዱ መርፌውን ትቶ ጮክ ብሎ ያነባል፣ የእሱን ድርሻ ሌሎቹ ተካፍለው ይሰፉለታል። አለቃው ሐሜት ከመስማት ተረት መስማት ይሻላል ብለው ፈቅደዋል። ለዓመታት አንባቢው መቀሱ ራሱ ነበር። የፍቅር ታሪክ ያመጣል፤ ሴቷን በሴት ድምፅ፣ ሽማግሌውን በሽማግሌ ድምፅ እየተጫወተ ሲያነብ ሚስቱ ከሳቋ ብዛት ጣቷን በመርፌ ትወጋለች። ያቺ ሳቅ የእሱ ሀብት ነበረች።

አንድ ክረምት ጉንፋን ድምፁን ዘጋበት። የአንባቢነቱን ወንበር ለጊዜው «ኮሌታው» ለሚሉት ለአንድ ወጣት ኮሌታ ሰፊ ሰጡት። ልጁ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ስፌቱ እንደ ሰካራም መንገድ ይጣመማል፤ መርፌ ቢያስቀምጥ የሚጎዳ አልነበረም። የመቀሱ ጉንፋን ለቀቀ፣ ኮሌታው ግን ወንበሩን አልለቀቀም። ያነበበው ደግሞ ፍቅር አይደለም፤ ፍልስፍና ነው! ሰው ሁሉ እኩል ይወለዳል፣ ሥልጣን ከሕዝብ ይመነጫል የሚል ነገር። መቀሱ በሳምንቱ ሁሉንም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል ብሎ ጠበቀ። ያን ጊዜ ግን ከተማው ውስጥ ዳቦ ጠፍቶ ሴቶች ጎህ ሳይቀድ ይሰለፋሉ፤ ለአልጋ ወራሹ ሹመት ለሚሰፋው ካባ ግን የወርቅ ክር በጥቅል በጥቅል ይመጣል። ማንም አላንቀላፋም።

«ለመሆኑ ንጉሥ ከሰማይ የወረደ ይመስልህ ነበር?» አለችው ሚስቱ አንድ ምሽት ሳህን እያጠበች።

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«ከውል ነዋ! አንተ ጠብቀን፣ እኛም እንታዘዝህ ብለው ተዋውለው ነው። እሱ እምነቱን ካጎደለ ውሉ ይፈርሳል።»

«ይፈርሳል?»

«ይፈርሳል እንጂ! ያጎደለን ሰው ምን ብለው ተሸክመው ይኖራሉ?»

«ይሄን ኮሌታው ነው የነገረሽ?»

«መጽሐፉ ነው። እሱማ አነበበው እንጂ።»

መቀሱ ቃላቱን በልቡ አገላበጠ። ውል፣ እምነት ማጉደል፣ መፍረስ። ይሄ ሁሉ ስለ ዙፋን መሆኑን የትኛው ጅል ነው የሚያምነው? ያ ልጅ በንጉሥ አሳብቦ ሚስቱን እያናገራት ነው! በማግስቱ ሥራውን ትቶ ልጁን ሲከታተለው ዋለ። ኮሌታው «ነፃነት» የምትል ቃል ላይ በደረሰ ቁጥር ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ብርሃን የሚገባው በዚያ በኩል ብቻ መሆኑ፣ የልጁም ዓይን ደካማ መሆኑ መቀሱን ትዝ አላለውም።

በሰው ፊት ሊያዋርደው ቆረጠ። ካባው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ልጁ ከፍ ባለ ድምፅ እያነበበ ሳለ፣ ቆራጩ የእጁን መቀስ ጠረጴዛው ላይ ወረወረና ጮኸ።

«እስቲ ንገረን አንተ ፈላስፋ! ሥልጣኑን የሰጠነው እኛ ከሆንን፣ ይሄን ካባ ለማን ነው የምንሰፋው? ማን አስገደደን? በሉ መርፌያችሁን አስቀምጡዋ! እስቲ ወንድ!»

ሳቅ ነበር የጠበቀው። ኮሌታው መልሱን ፍለጋ መጽሐፉን ማገላበጥ ጀመረ። የመቀሱ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ግን ሚስቱ መርፌዋን ካባው ላይ ሰካችና እጇን አጣምራ ተቀመጠች። ቀጥሎ ጎረቤቷ። ቀጥሎ ቤቱ በሙሉ።

ወሬው ጫማ ሰፊዎቹ ዘንድ ደረሰ፣ ከዚያ ማተሚያ ቤት፣ ከዚያ ባቡር ጣቢያ። ሁሉም ሥራውን አቁሞ ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ለማን ነው የምንሠራው? ፖሊሶች መጥተው «መርፌ አስቀምጡ ያለው ማን ነው?» ሲሉ መቀሱ «ኧረ እኔ ቀልዴን ነው» ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ሲል ሚስቱ በኩራት ታየዋለች። እንደዚያ ካየችው ስንት ጊዜዋ! ቃሉን ዋጠና «እኔ ነኝ» አለ።

እስር ቤት ውስጥ ሌሎቹ ስለ ሕገ መንግሥት ሲከራከሩ እሱ የሚያሰላው አንድ ነገር ነበር፤ ከሥራ ወደ ቤት ማን ይሸኛታል? ንጉሡ አገር ጥሎ ሲሸሽና የእስር ቤቱ በር ሲከፈት ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው። ሚስቱና ኮሌታው ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ልጁ እያለቀሰ አቀፈው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ማንበብ ብቻ ነው የማውቀው!»

መቀሱ በልጁ ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ሚስቱ የምታየው ማንን እንደሆነ አየ። እሱን ነበር።

ቤት ሲገቡ አላስችል አለው።

«እሱ ሲያነብ ግን ደስ ይልሽ ነበር።»

«ይለኝ ነበር፤ ምን ልዋሽህ። እጄ ግን አንድም ቀን አልቆመም። ያቆምከው አንተ ነህ።» አጠገቡ ተቀመጠች። «ያን ዕለት የጮኸውን ሰው ሳየው፣ ለካ እስከ ዛሬ ባሌን አላውቀውም ኖሯል አልኩ። ፀሐይ ሲያከስለኝ እስር ቤት በር የተመላለስኩት እሱን ብዬ ነው።»

«እሱን?»

«እሱን! ደፋሩን፣ ለራሱ ያላሰበውን።»

መቀሱ አጎንብሶ ጫማውን መፍታት ጀመረ። ያን ሰው ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም፤ እንዲያ ያለ ሰው በዚያ ቀን ስፌት ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

«ምን ሆንክ?» አለችው ፊቱን እየዳሰሰች።

«ምንም» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮሌታውን ረሳው። የሚቀናው በዚያ ደፋር ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ እንዳያባርረው ትዳሩ የቆመው በዚያው ሰው ላይ ነው።