እናንተ ጋ ዘነበ ወይ?

ቆቦ ላይ ከሩቅ አገር ሰው ጋር በአየር ሞገድ የሚያነጋግር የአማተር ሬዲዮ ክበብ ያቋቋምኩት እኔ ነኝ፤ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የአንቴናውን ሽቦ የዘረጋሁትም እኔው። ተማሪዎቼን፣ «ማንነታችሁን ተናገሩ፣ ድምፃችሁ መሰማቱን ጠይቁ፣ ከዚያ ዝጉ» ብዬ አስተማርኳቸው። አንድ በአንድ ሰልችቷቸው ቀሩ።

አንድ ቀን፣ ከቀሩልኝ ተማሪዎች አንዷ፣ ከአጠገባችን ከሮቢት የምትመጣ የገበሬ ልጅ፣ ማይክሮፎኑን ይዛ ከኬንያ የመለሰላትን ሰውዬ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ጠየቀችው። «እናንተ ጋ ዘነበ ወይ?» ስትለው ሰውዬው ሳቀና ስለ በቆሎው ያወራላት ጀመር። ለእኔ እኮ ያው ሰውዬ ከ«ይሰማል» ሌላ ተናግሮ አያውቅም! ቅናት አንገበገበኝ።

በማግስቱ የክበቡ ክፍል በተማሪ ጢም አለ። የከበቡት ግን እሷን ነው።

ሁሉም ሲሄዱ በሩን ዘግቼ ማይክሮፎኑን አነሳሁ። «እናንተ ጋ ዘነበ ወይ?» አልኩ።

ማንም አልመለሰልኝም።