ከለተብርሃን ፊት የገባው የአባቷ ስም

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የማስተርስ ጽሑፌን ለማስረከብ የምሯሯጥበት ሰሞን ነበር። ከዚያ ሰሞን ብዙ የማስታውሰው ድካሙን ነው። ቦሌ ሚካኤል የገጠመኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

የመንግሥት ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው ጎሮ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ትምህርት የጀመርኩት ጥማት ይዞኝ አይደለም፤ መሥሪያ ቤታችን ያለ ማስተርስ እድገት ስለማይታሰብ ነው። ጽሑፌ መገናኛ መንገድ ላይ ዕቃ ስለሚሸጡ ሴቶች ነበር። እሱስ አልከበደኝም። ሴቶቹ ተጫዋች ናቸው፤ ጠየቅኳቸው፣ መለሱልኝ፣ ጻፍኩ። የገደለኝ ፎርማቱ ነው።

አማካሪዬ ታናሽ ወንድሜ የሚሆን ሰው ነው። ጨዋ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ግን ጽሑፌን በመለሰልኝ ቁጥር "ይዘቱ ጥሩ ነው፤ ፎርማቱ ይቀረዋል" ይለኛል። ማርጂኑን አስተካክዬ ስመጣ የመስመሩ ክፍተት ይሆናል፤ እሱን ስጨርስ ነጠላ ሰረዙ። በመጨረሻ ወደ ሪፈረንሱ ዞረ፤ ያነበብኳቸው ጽሑፎች ዝርዝር ማለት ነው። "የአበሻ ስሞች በሙሉ ይገልበጡ። በደንቡ የአባት ስም ይቀድማል፤ የራስ ስም የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ትጻፋለች" አለኝ።

ገለበጥኳቸው። ሲገለበጡ የፊደል ተራቸው ይዛባል፤ እንደገና ደረደርኳቸው። ልጆቼ "እማዬ፣ ዛሬም ስም እየገለበጥሽ ነው?" ማለት ለምደው ነበር።

አንዷ ብቻ አስቸገረች። ከእኔ በፊት ስለነዚሁ ሴቶች የጻፈች ለተብርሃን ሐጎስ የምትባል ልጅ አለች፤ አንድ ሙሉ ምዕራፌ የቆመው በእሷ ጽሑፍ ላይ ነው። እጄ ላይ ያለው ግን ሽፋን የሌለው ፎቶ ኮፒ ነው። መቼ እንደጻፈችው፣ የት እንደተማረች አይታወቅም። አማካሪዬ "ወይ ይሟላ፣ ወይ ይውጣ" አለ። እሷ ከወጣች ምዕራፉ ይፈርሳል፤ ምዕራፉ ከፈረሰ ምረቃዬ ለከርሞ ነው።

ፎቶ ኮፒውን የሰጠችኝን የቢሮ ባልደረባዬን አልማዝን ጠየቅኳት።

"ለተብርሃንን ነው? እሷማ ታማ ካረፈች ቆየች እኮ" አለችኝ። "አባቷ ግን አሉ። ቦሌ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ የብረት በርና መስኮት የሚሠሩት አቶ ሐጎስ ብትዪ ያሳዩሻል።"

ልጁ የሞተችበትን አባት ዓመተ ምሕረት ልጠይቅ መሄዴ አሳፈረኝ። ግን ምን ላድርግ፤ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ።

አቶ ሐጎስ እየበየዱ ነበር። የብየዳ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው "በር ነው መስኮት?" አሉኝ።

"ስለ ለተብርሃን ነው የመጣሁት አባባ" ስላቸው ማሽኑን አጠፉ። ወንበር በጨርቅ ጠርገው አስቀመጡኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው አልከፋቸውም። ወደ ጓዳ ገብተው በፌስታል የተጠቀለለ ጥራዝ ይዘው ወጡ። "ሰው ያነበዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር" አሉና ሰጡኝ።

ከሽፋኑ ላይ እያየሁ የጎደለኝን በያዝኩት የእንግሊዝኛ ሪፈረንስ ገጽ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። እሳቸው አጎንብሰው ያዩኛል። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ የራሳቸውን ስም ግን ያውቁታል፤ ደጃቸው ላይ ባለው ታፔላ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ጣታቸውን አሳረፉበት።

"ይሄ የኔ ስም አይደለም?"

"ነው አባባ።"

"የሷስ የታል?"

ከስማቸው ቀጥሎ ያለችውን አንዲት ፊደል አሳየኋቸው። ቀረብ ብለው አዩዋት።

"እኔ የማውቀው ብረት መበየድ ነው" አሉ። "ያነበበችው እሷ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ የጠየቀችው እሷ። እኔ ምን ሠርቼ ነው ከፊቷ የገባሁት?"

"ደንቡ ነው አባባ። የፈረንጅ ደንብ ነው።"

"ፈረንጅ እንደ አገሩ ይጠራራ። አንቺን ማን ብለው ይጠሩሻል?"

"ሰናይት።"

"አየሽ፣ አባትሽን አልጠራሽም" አሉኝ። ወዲያው ደግሞ የተቆጡኝ መስሏቸው አዘኑ። "እንግዲህ ደንብ ከሆነ ደንብ ነው፤ አላደክምሽም ልጄ። ስትጨርሺ ብቻ ገጿን አሳዪኝ።"

ስመለስ ታክሲው መገናኛ ትራፊክ ውስጥ ቆሞ ቀረ። እዚያ ቁጭ ብዬ እንባዬ መጣ። ያን ሁሉ ወር አላደክምሽም ያለኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ያቺን አንድ መስመር ብቻ ቀይሬ፣ ስሟን ሙሉውን ከፊት አድርጌ ለአማካሪዬ ወሰድኩለት። ገና ሲያያት "ይቺን መስመር ምን ነካት?" አለ። ነገርኩት።

"ይገባኛል" አለኝ። "ግን ወጥነት የሚባል ነገር አለ። ወይ የኢትዮጵያውያኑ ስም ሁሉ ይመለስ፣ ወይ ይቺም ትገልበጥ። ከመለሱት ደግሞ ፈታኙ ቢጥለው እኔ የለሁበትም። መልስ የሚሰጡት እርስዎ ነዎት።"

ሁሉም ይመለስ ማለት እኮ መጀመሪያ እንደጻፍኩት ይሁን ማለት ነው። ዞሮ ዞሮ ከቤት ይሏል ይሄ ነው። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ማስረከቢያው ሰኞ። ቅዳሜና እሁድን ስም ስመልስ ዋልኩ። ሪፈረንሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ በየገጹ የተሰገሰገውም አለ። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። "ተይው፣ የሞተች ልጅ ምን ትለኛለች" ያልኩበት ሰዓትም ነበር። ግን አባትየው ገጿን እንደሚጠብቁ ሳስብ እንደገና እቀመጣለሁ።

ጽሑፌን ለመከላከል የቀረብኩ ቀን ፈታኙ ሸበቶ ሰው ነበሩ። ስለ ሴቶቹ ያን ያህል አልጠየቁኝም። ሪፈረንሱን ገልጠው "ስሞቹ ከደንቡ ውጪ አይደሉም ወይ?" አሉኝ። ያዘጋጀሁትን መልስ ተውኩት። የአቶ ሐጎስ ነገር መጣልኝ።

"ቅድም እርስዎን ዶክተር ብለው ሲያስተዋውቁን የጠሩት የራስዎን ስም ነው፤ የአባትዎን አይደለም" አልኩ።

አማካሪዬ ወደ መስኮቱ ዞረ። ፈታኙ በእርሳስ የሆነ ነገር ጻፉና "ይቀጥሉ" አሉኝ። አሳለፉኝ። ምን እንደጻፉ አልጠየቅኩም፤ አቅሙም አልነበረኝም።

ከምረቃው በኋላ ገጿን ይዤ ቦሌ ሚካኤል ሄድኩ። አቶ ሐጎስ እጃቸውን ታጥበው ተቀበሉኝ። ስማቸውን ፈልገው አገኙና ጣታቸው እዚያው ቆመ።

"ከኔ በፊት ያለችው እሷ ናት?"

"እሷ ናት አባባ፤ ሙሉ ስሟ ነው።"

ፊደሎቹን እየነኩ እስከ ራሳቸው ስም ድረስ ሄዱ። ከዚያ "አሁን ከኋላዋ ቆምኩ" አሉ።

ይኸው እድገቱ እስካሁን አልመጣም። ፎርማት ሲባል ዛሬም ትከሻዬን ያመኛል፤ ዲግሪዬም ከመሳቢያ አልወጣም። ያቺን ገጽ ግን አቶ ሐጎስ መስታወት አስገብተውላት ከንግድ ፈቃዳቸው ጎን ሰቅለዋታል። በዚያ ሳልፍ ገባ ብዬ አያታለሁ። ለእሷ መድከሜ አይቆጨኝም።