ቤት የለሿ ቆቅ

ልጅ ሳለሁ አጎቴ ዱካሌ እናቴን በተረት በደላት። ሌላው በዱላ ይበድላል፤ የእኛ ሰውዬ ምላሱ ይቀርበው ስለነበር በምላሱ በደላት።

አባቴ ሲሞት፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ታላቅ ወንድሙ ዱካሌ ሚስቱን ይወርሳል ተባለ። አጎቴ በቤቱ ሚስት እያለችው ቋምጦ ጠበቀ። እናቴ ግን ከወናጎ በላይ፣ ቡናውና እንሰቱ አልቆ የሣሩ መስክ በሚጀምርበት ጥግ፣ ከእኔና ከእህቴ ጋር በጎጇችን ቀረች። ማታ ማታ ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰበው አጎቴ ቤት ነበር፤ መቅረት ንቀት ነው። ያኔ ጭሱ ከጣራው ሥር ተኝቶ፣ ኩራዙ የሰዉን ፊት ግማሽ ግማሹን እያሳየ፣ አጎቴ ፍሙን እየቆሰቆሰ ያችኑ ተረት ይጀምራል።

«ፈጣሪ ወፎችን ሰብስቦ ቤት ሥሩ አላቸው። ሁሉም ሠሩ። ቆቅ ብቻ ‹ማን ከእኔ በላይ!› አለች። ይኸው እስከ ዛሬ መሬት ላይ ትተኛለች፤ እንቁላሏንም አላፊ አግዳሚው ይረግጥባታል።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ «አይደለም እንዴ፣ የወንድሜ ሚስት?» ይላታል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እናቴ «ልክ ነዎት፣ ጋሼ» ትልና እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች።

ያ ወገቧ! አጎቴ ሽማግሌ በላከ ቁጥር ይነሣባታል። በር ላይ ጎብጣ ትቀበላቸውና «እንኳን ትዳር፣ ውሃ መቅዳትም አቅቶኛል፤ እስቲ ትንሽ ልዳን» ትላለች። እነሱም «ምስኪን!» ብለው ይመለሳሉ። እኔ ሞኟ ትሞትብኛለች ብዬ እንሰቱ ውስጥ ተደብቄ አለቅስ ነበር።

አንድ ቀን አጎቴ ለጣራ የሚሆን ሣር ሊያጭድ ወደ መስኩ መጣ፤ እኔ፣ እናቴም ወገቧን እየያዘች፣ ከኋላው ነዶ እናስራለን። ድንገት ከእግሩ ሥር አንዲት ቆቅ ተነሣች፤ አንድ ክንፏን መሬት ለመሬት እየጎተተች ታነክሳለች። «ተሰብራለች! የዛሬው ወጥ ተገኘ!» ብሎ ማጭዱን ጥሎ ተከተላት። ዱላውን ወረወረ፤ ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ። ያዝኳት ሲል ፈቀቅ፣ ደረስኩባት ሲል ፈቀቅ እያለች እስከ ቡናው ጥግ ወሰደችው። እዚያ ሲደርሱ ክንፏን ዘርግታ እየጮኸች በረረች።

እናቴ ወፏ የተነሣችበትን ሣር ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ፤ አፈር የመሰሉ እንቁላሎች ደረቅ ቅጠል ላይ ተኝተዋል። መልሳ ሸፈነቻቸውና ማጭድ እንዳይደርስባቸው ከፊታቸው ነዶ አቆመች።

«እማ፣ ክንፏ ዳነ እንዴ?»

«መቼ አሟት ያውቃል?»

ይህን ብላ እኔ ልነቀንቀው ያልቻልኩትን ነዶ አንሥታ ጀርባዋ ላይ ጣለችው፤ እንደ ኮረዳ ቀጥ ብላ ተራመደች። አጎቴ እያለከለከ ብቅ ሲል ግን ነዶውን አወረደችና «ኧረ ወገቤን!» ብላ አጎነበሰች። እንዳጎነበሰች በክንዷ ሥር አሾልካ አየችኝ። ያኔ ገባኝ። «አፍሽን» አለችኝ በቀስታ፤ አገር የሚያውቀውን አፌን ለእሷ ስል ዘጋሁት።

ካደግሁ በኋላ ዲላ ገባሁ፤ ንባብን ብቻዬን ለምጄ፣ አስፋልት ዳር ከሚሸጡት አሮጌ መጻሕፍት ስለ ቆቅ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። እንቁላሏን ስትታቀፍ ሣሩን ትመስላለች፤ ሊረግጧት ካልደረሱ አትነሣም። ጫጩቶቿ በተፈለፈሉበት ቀን በእግራቸው ይሮጣሉ፤ ዛፍ ላይ የተፈለፈሉት የሌሎች ወፎች ጫጩቶች ግን ገና አፋቸውን ከፍተው ጉርሻ ይጠብቃሉ። መጻሕፍቱ ስለ አደባበቋ የነገሩኝን እኔ አስቀድሜ ሣሩ ላይ አይቼዋለሁ። ከዚያ ሁሉ የማታ ተረት የቀረልኝም የፍሙ ሙቀትና ያ የተጎተተ ክንፍ ነው።

አጎቴ አርጅቷል። በቀደም ለሕክምና ዲላ መጥቶ እኔ ቤት አረፈ። እናቴም ከእኔ ጋር ናት፤ ማንም አልወረሳትም። ራት እንደበላን ልጆቼን ሰብስቦ «ቆቅ ብቻ ‹ማን ከእኔ በላይ!› አለች» ሲል፣ እናቴ ከልማዷ የተነሣ እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች። እጇን ያዝሁት። ቀና ብላ አየችኝና በዓይኗ ፈቀደችልኝ። እንዲህ አልሁት፦

«ጋሼ፣ ተረቱ ጅራት ይቀረዋል፤ ልጨርስልዎት። ቆቋ ክንፏን እየጎተተች እስከ ቡናው ጥግ አስሮጠችዎት፣ ልጆቿም አደጉ፤ እናቴን ደግሞ ወገቧን አንድም ቀን አሟት አያውቅም።»